ለጨዋማ ውሃ አኳሪየም ፋሼታ አመራረጥ፦ ውሃ ውስጥ የሚገባውና የማይገባው

ፓምፑ፣ መብራቱና ጨው በጥንቃቄ ተመርጠው ካለቁ በኋላ ቱቦ ማሰሪያው ፋሼታ ከቅርብ ሱቅ ይገዛል። ሱቁ የሚሸጠው ግን በአብዛኛው ለራዲያተር ወይም ለአትክልት ማጠጫ ቱቦ የተሠራ ነው። «ስታንለስ» ተብሎ ቢጻፍበትም በጨው ውሃ ውስጥ ወራት ተዘፍቆ እንዲቆይ ታስቦ አልተሠራም።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ውሃ ውስጥ ለሚገባ መገጣጠሚያ ምንም ብረት የሌለበት፣ ልኩ በትክክል የተመረጠ የፕላስቲክ ፋሼታ ይጠቀሙ። ከገንዳው ውጭ ላለው 316 የተባለው አይዝጌ ብረት (ስታንለስ) ይበቃል። ቲታኒየም ካገኙና ዋጋውን ከቻሉ የትም ቦታ ይሠራል። ነሐስ፣ መዳብና ዚንክ የተለበጠ ብረት ግን ከገንዳው ውስጥም ከገንዳው በላይም አይኑር።

መጀመሪያ፣ ፋሼታው ያስፈልጋል ወይ?

ውሃ ውስጥ ያለ መገጣጠሚያ ትንሽ ቢያንጠባጥብ ውሃው የሚመለሰው እዚያው ገንዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ የሚያሳስበው ማንጠባጠቡ ሳይሆን ቱቦው ከናካቴው መውለቁ ነው። ለትንሽ ፓምፕ የተገጠመ 12 ሚሊሜትር የሲሊኮን ቱቦ ቀለበት ቀለበት ባለው ኒፕል (ቱቦው በላዩ በሚገፋበት የፓምፑ አፍ) ላይ እስከ መጨረሻው ከተገፋ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ማሰሪያ ይቆማል። ከዋናው ገንዳ ሥር በሚቀመጠው የታችኛው ገንዳ ውስጥ ሆኖ ውሃ ወደ ላይ የሚመልሰው ዋናው ፓምፕ ግን የተለየ ነው። እዚያ ቱቦው ከወለቀ ፓምፑ የታችኛውን ውሃ ብቻ እያማሰለ ይቀራል፤ ላይ ያሉት ዓሦች ማጣሪያ፣ ሙቀትና በቂ ኦክስጅን ያጣሉ። ይህ መገጣጠሚያ ይታሰር።

ምን ያህል ጥንካሬ ያስፈልጋል ለሚለው ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ነው። ከፍተኛ የማንሻ ከፍታው 4 ሜትር የተባለ ፓምፕ፣ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ እንኳ ከ0.4 ባር በላይ አይገፋም። የመኪና ራዲያተር ግን በ1 ባር አካባቢና በሚፈላ ውሃ ሙቀት ይሠራል። የብረት ፋሼታ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው፤ በአኳሪየም ቱቦ ላይ ያ ሁሉ ጉልበት ሥራ ፈት ነው። ከዚህ ሒሳብ ውጭ የሚሆነው ከቤት ቧንቧ ወደ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጠራ) ማጣሪያ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ነው። እዚያ ያለው ግፊት የከተማ መስመር ግፊት ስለሆነ 3 ወይም 4 ባር ሊደርስ ይችላል፤ የሚያዘውም ለዚያ በተሠራው ተገፍቶ በሚቆለፍ ማያያዣ እንጂ በፋሼታ አይደለም።

አይዝጌ ብረት እዚህ ለምን ይዝጋል

አይዝጌ ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለ እጅግ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲጫር ራሱን ይጠግናል፤ ለመጠገን ግን ኦክስጅን ይፈልጋል። የባሕር ውሃ በአንጻሩ በሊትር 19 ግራም ያህል ክሎራይድ አለው፤ ክሎራይድ ደግሞ ይህን ሽፋን እየበሳ የሚገባ ነው።

አሁን ፋሼታውን ልብ ብለው ይዩት። ቀበቶው በራሱ ላይ ተደርቧል፣ ብሎኑ በቤቱ ውስጥ ተሸጉጧል፣ የቀበቶው ሆድ ቱቦው ላይ ተጣብቋል። ሁሉም ነገር ስንጥቅና ድርብ ነው። በእነዚህ ጠባብ ቦታዎች ውስጥ የታሰረው ውሃ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ክሎራይድ ይከማቻል፣ ውሃው አሲድ ይሆናል፣ ሽፋኑም መጠገን ያቅተዋል። ለዚህ ነው ቀበቶው ከውጭ እያብረቀረቀ ብሎኑ ሥር ቡናማ ዝቃጭ የሚገኘው። ላዩን አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይቻልም፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ዓይን በማይደርስበት ነው።

304 የሚባለው ዓይነት 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። 316 በላዩ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ይጨምራል። ሞሊብዲነሙ ዝገቱን ያዘገየዋል፤ አያስቀረውም። የብረት ባለሙያዎች ክሮሚየሙን፣ በ3.3 የተባዛ ሞሊብዲነሙንና በ16 የተባዛ ናይትሮጅኑን ደምረው የመበሳት መቋቋሚያ ቁጥር ያወጣሉ። በዚህ ስሌት 304 ወደ 19፣ 316 ወደ 25 ይመጣል። በባሕር ውሃ ተዘፍቆ በስንጥቅ ውስጥ ለመቆየት ግን ከ40 በላይ የሆነ ብረት ይፈለጋል፤ እንዲህ ያለው ፋሼታ በተራ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። «316 የባሕር ብረት ነው» የሚለው አባባል የመጣው ከጀልባ ወለል በላይ ካሉ ዕቃዎች ነው። እነዚያ ዝናብ ያጥባቸዋል፣ አየር ያገኛሉ። የእርስዎ ፋሼታ ሁለቱንም አያገኝም።

የሰሜን ቀይ ባሕር ውሃ በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ከተለመደው 35 ይበልጣል። ጅዳ ወይም ኤላት ሆነው ከባሕሩ ቀድተው ገንዳ የሚሞሉ ሰዎች ይህን ብረት የሚበላ ጨው አብረው እንደሚያስገቡ ይወቁ።

ቀበቶው ላይ የታተመውን ማንበብ

በአውሮፓ ልማድ የተሠሩ ፋሼታዎች ላይ «ደብልዩ» የምትባለው የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ትታተማለች። 1 ማለት ሁሉም ክፍል ዚንክ የተለበጠ ተራ ብረት ነው። 2 ማለት ቀበቶውና ቤቱ አይዝጌ፣ ብሎኑ ግን ዚንክ የተለበጠ ተራ ብረት ነው። ገዢን በብዛት የሚያታልለው ይህ ነው፤ «ስታንለስ ነው» ቢሉ አልዋሹም፣ ብሎኑን ግን አልነገሩዎትም። 3 ማለት ሁሉም ክፍል ኒኬል የሌለበት፣ ማግኔት የሚስበው አይዝጌ ነው፤ በጨው ፊት ደካማ ነው። 4 ማለት ሁሉም 304፣ 5 ማለት ሁሉም 316 ነው። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የሚያገኙት በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ቁጥር የሌለው «ስታንለስ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለ፣ ብሎኑ ተራ ብረት ነው ብለው ይነሱ።

ማግኔት ይዘው ይሂዱና ብሎኑን ለብቻው፣ ቀበቶውን ለብቻው ይፈትሹ። ብሎኑን አጥብቆ ከሳበው ያ ፋሼታ አኳሪየም አጠገብ አይድረስ። ቀበቶውን በጥቂቱ ቢስበው ግን አይደንግጡ፤ 304 በቀዝቃዛው ሲታጠፍና ሲጠቀለል ትንሽ መሳብ ይጀምራል። ማግኔት 304ን ከ316 አይለይም፤ ለዚያ የታተመውን ቁጥር ከማመን ሌላ መንገድ በሱቅ ውስጥ የለም።

ቀበቶው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦን ይበጣል፤ ሲጠብቅ ጎማው በቀዳዳው ይወጣና ጠርዙ ይቆርጠዋል። ከገንዳ ውጭ እንኳ ቢሆን፣ ሆዱ ልስልስ ሆኖ ጥርሱ ከላይ ብቻ የታተመውን ይምረጡ።

ጉዳቱ ከዝገቱ በላይ ነው

የብረት ዝገት ራሱ አልጌ ይመግባል እንጂ በጥቂቱ ገንዳ አያጠፋም። የሚያስፈራው ከእሱ ጋር የሚመጣው ነው። መዳብ አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት፣ ማለትም ኮራል፣ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ይገድላል፤ የዓሣ ጥገኛ ተውሳክን ለማከም መዳብ የሚጨመረው እነዚህ በሌሉበት ገንዳ ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው። መጠኑ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በሒሳብ ይዩት፦ 200 ሊትር ውሃን በሊትር 0.1 ሚሊግራም መዳብ ለመበከል 20 ሚሊግራም ይበቃል። ይህ የአንድ ሩዝ ፍሬ ክብደት ያህል ነው። የነሐስ ብሎን ይህን ከራሱ ላይ ቢያጣ በዓይን አይታወቅም።

ዚንክ መርዛማነቱ ከመዳብ ቢያንስም እነዚሁኑ እንስሳት ይጎዳል፤ ልባጩም ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚሟሟው እሱ ነው። ከጀልባ ዕቃ መሸጫ ሲገዙ «የባሕር ደረጃ» የሚለው ቃል አያታልልዎ። ለጀልባ የተመሰገነ ነሐስ ወይም ሞኔል ለብረቱ ዕድሜ እንጂ ለእንስሳ ጤና አልተመረጠም። ሞኔል የሚባለው ቅይጥ ሲሶው ያህል መዳብ ነው።

ብረቱን ቀለም፣ የጥፍር ቀለም ወይም ኢፖክሲ ቀብቶ ማስገባትም ይሞከራል። አይሠራም። ብሎኑ ሲጠብቅ ቅቡ ይጫራል፣ ዝገቱም በዚያች ጭረት ላይ ተሰብስቦ በፍጥነት ይበሳል። በላዩ ሲሊኮን መለጠፍ ደግሞ ኦክስጅን የማይደርስበት ተጨማሪ ስንጥቅ መሥራት ነው።

ፕላስቲኩን መምረጥ

ለውሃ ውስጥ ሥራ ምርጡ ሁለት መንጋጋ ያለውና ጥርስ በጥርስ እየተጠላለፈ በፒንሳ የሚጠብቀው የፕላስቲክ ፋሼታ ነው። ብሎን የለውም፣ ሲፈታም መንጋጋዎቹን ወደ ጎን አንሸራትቶ ማላቀቅ ይቻላል። የሚሠራው ከናይለን ወይም አሴታል ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። ናይለን ውሃ ይመጥጣል፤ 66 የተባለው ዓይነት ጠግቦ ሲያበቃ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፣ በዚያው መጠን ይለሰልሳል፣ ጭመቱም ይላላል። አሴታል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ለእንስሳቱ ደህና ናቸው፤ ናይለን ከሆነ ግን በማግስቱ ደግሞ ማጥበቅ ግዴታ ነው። ብርሃን የሚያገኘው ቦታ ላይ ጥቁሩን ይምረጡ፤ ነጩ ናይለን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይሰባበራል።

የእነዚህ ፋሼታዎች ችግር ልክ ነው። የብረቱ ከ20 እስከ 32 ሚሊሜትር ሲይዝ፣ የፕላስቲኩ አንዱ ቁጥር የሚይዘው ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ በግምት መግዛት አይቻልም። ቱቦ የሚጠራው በውስጥ ስፋቱ ነው፤ ፋሼታ ግን የሚያቅፈው ውጩን ነው። ከዚያም ቱቦው ኒፕሉ ላይ ሲገፋ ይለጠጣል። ውስጡ 19፣ ውጩ 25 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ 20.5 ሚሊሜትር በሆነ ኒፕል ላይ ሲገባ ውጩ ወደ 26 ይደርሳል። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ቱቦው ኒፕሉ ላይ ከገባ በኋላ ነው። ካሊፐር ከሌለ ክር አንድ ዙር ይጠምጥሙ፣ ክሩን በማስመሪያ ይለኩና ለ3.14 ያካፍሉ፤ 82 ሚሊሜትር ክር 26 ሚሊሜትር ስፋት ማለት ነው። ለዚህ ቱቦ ከ24 እስከ 27 የሚለው ልክ ይስማማል፤ ተጨምቆ 25 ሲደርስ ገና ጥርስ ይቀረዋል። ከ26 እስከ 29 የሚለው ግን ገና ቱቦውን ሳይጨምቅ ጥርሱ ያልቃል።

ከፕላስቲክ የተሠራ ባለብሎን ፋሼታም አለ። ጥርሱ በቀላሉ ይላጣል፤ ሌላ ካልጠፋ አልመክርም።

ኬብል ታይስ (ጅራቱ በራሱ ቀዳዳ ገብቶ የሚቆለፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ)? ለዝቅተኛ ግፊትና ለውሃ ውስጥ ይሆናል። ራሱ (የሚቆለፍበት ጫፍ) ያለበት ቦታ ላይ ቱቦውን በእኩል ስለማይጨምቅ በዚያች ጥግ ውሃ ያሾልካል። ሁለት ይሰሩና ራሶቹን ፊትና ኋላ ያዙሯቸው። ከመግዛትዎ በፊት ግን የራሱን ቀዳዳ በብርሃን አሻግረው ይዩ፤ አንዳንዱ የሚቆልፈው ጥርስ ትንሽ የብረት ምላስ ነው፣ ያ አይገባም። ቱቦውንም በዚሁ ዓይን ይዩት። ጠምዛዛ ሽቦ በግድግዳው ውስጥ ያለው የመምጠጫ ቱቦ ጫፉ ሲቆረጥ ሽቦው ለጨው ይጋለጣል፤ ጠምዛዛው ፕላስቲክ የሆነውን ይግዙ፣ ውጩ ሸንተረር ከሆነም ፋሼታ በደንብ እንደማይዘው ይወቁ።

አገጣጠም

አዲሱን ፋሼታና ቱቦ በሙቅ ውሃ ያጥቡ፤ ሳሙና አይጠቀሙ። ቱቦውን በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ ያጋደለ ጫፍ በአንድ ጎኑ ፋሼታ የሚይዝበት ቦታ ያሳጣል። ተዘግቶ የሚመጣ ፋሼታ ከሆነ አስቀድሞ ቱቦው ላይ ይግባ፤ ይህን ረስቶ ሁሉን መልሶ መንቀል የተለመደ ነው። ጠንካራ የፒቪሲ ቱቦ ከሆነ ጫፉን 60 ዲግሪ ያህል በሞቀ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ይንከሩት። ሲሊኮን ማሞቅ አያለሰልሰውም፤ በውሃ ብቻ አርጥበው ይግፉት። ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም ሳሙና ሲገፉት ይረዳል፣ በኋላ ግን ቱቦው እንዲንሸራተት ያግዛል፣ ውሃውንም ያበላሻል።

ቱቦው የኒፕሉን ቀለበቶች ሁሉ አልፎ መቀመጫው ድረስ ይግባ። ፋሼታው የሚቀመጠው ከቱቦው ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ገባ ብሎ፣ ቀለበቶቹ ካሉበት ቦታ ላይ ነው። ኒፕሉ ካለቀበት ወዲያ ከታሰረ የሚጨምቀው ባዶ ቱቦ ስለሆነ ከመያዝ ይልቅ ቱቦውን በኒፕሉ አፍ ጠርዝ ላይ ይቆርጠዋል። በፒንሳ ጥርስ በጥርስ ያጥብቁ፤ ፋሼታው በጣት ሲገፋ መዞር ካቆመ በቂ ነው። የፓምፕ መውጫ ፕላስቲክ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ጭመት ይሰነጥቀዋል።

ጨው ውሃ ከመግባቱ በፊት በባልዲ ጣፋጭ (ጨው የሌለው) ውሃ ላይ ፓምፑን አስነስተው 24 ሰዓት ያቆዩ። ከዚያ ፓምፑን አጥፍተው ቱቦውን በእጅ ይጎትቱት፤ ከተንሸራተተ ልኩ ስህተት ነው፣ ማጥበቅ አያድነውም። ናይለኑን በማግስቱ አንድ ጥርስ፣ ከሳምንት በኋላም ደግመው ይሞክሩት።

ከገንዳው ውጭ

ውጭ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ወለል ያጥለቀልቃል። ማቀዝቀዣ፣ ከውጭ የሚቀመጥ ማጣሪያና አልትራቫዮሌት ማጽጃ ላይ ያሉት ቱቦዎች በ316፣ ማለትም አምስተኛው ደረጃ በታተመበት ፋሼታ ይታሰሩ። ዱባይ ወይም ኩዌት ውስጥ ማቀዝቀዣ የሌለው ገንዳ ብዙ ስለማይገኝ እነዚህ መገጣጠሚያዎች እዚያ በርከት ይላሉ። ለ26 ሚሊሜትር ከ20 እስከ 32 የሚለውን ይምረጡ፤ ከ25 እስከ 40 የሚለው ሲጠብቅ ክብነቱን ያጣል፣ ጅራቱም እጅ ይቆርጣል። ሁለት ፋሼታ መደረብ የሚጠቅመው ኒፕሉ ሁለቱንም ለመያዝ የሚበቃ ርዝመት ካለው ብቻ ነው፤ ብሎኖቹ በተቃራኒ ጎን ይሁኑ። ኒፕሉ አጭር ከሆነ አንዱ ይሻላል።

የብረት ፋሼታ ከተከፈተ የታችኛው ገንዳ በላይ አያስሩ። የሚረጨው ውሃ ሲደርቅ ጨው ይጋገርበታል፣ እርጥበት ሲያገኝ መልሶ ይሟሟል፣ ብረቱም ይበላል፤ ጠብታውም ተመልሶ ገንዳ ውስጥ ነው። በወር አንዴ በጣፋጭ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉና ብሎኑ ሥር በባትሪ መብራት ይዩ።

ዝገት ከተገኘ

ገንዳው ውስጥ የዛገ ፋሼታ ካዩ እዚያው አይፈትፍቱት፤ ቅርፊቱ ይበተናል። ፓምፑን ያጥፉ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ይንቀሉ፣ ፋሼታውን ከነቱቦው ከውሃ አውጥተው ውጭ ይቁረጡት። የወደቀውን ፍርፋሪ በቀጭን ቱቦ ይምጠጡ። ከውሃው 25 በመቶ ያህሉን ይቀይሩ፣ አክቲቭ ካርቦንና መዳብ የሚይዝ ሬዚን ማጣሪያው ውስጥ ያስገቡ። ዝገቱ ያለ ልክ የፈጠነ ከመሰለ ማሞቂያውና ፓምፖቹ ሽፋናቸው ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ እያፈሰሱ እንዳይሆን ይፈትሹ፤ አፍሳሽ ዕቃ ዝገትን ሊያፈጥን ይችላል፣ ለእርስዎም እጅ አደጋ ነው።

በቤት የሚሠራው የመዳብ ምርመራ በቀለም የሚነበብ ስለሆነ እጅግ ትንሹን መጠን አያሳይም፤ «ዜሮ» ማለቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በማይክሮግራም የሚለካውን አይሲፒ ምርመራ ለማድረግ የውሃ ናሙና ወደ ላብራቶሪ መላክ ይሻላል። እስከዚያው ቀንድ አውጣዎቹን ይመልከቱ፦ ከመስታወቱ እየወደቁ በጀርባቸው የሚተኙ ከሆነ፣ ኮራሉም ሳይከፈት ከዋለ፣ ዓሦቹ ደህና ቢመስሉም ውሃውን እንደገና ይቀይሩ። አዲስ ሽሪምፕም ሆነ ኮራል የሚገባው የላብራቶሪው ውጤት ከደረሰ በኋላ ነው።